ጓሳን ከሞፈር እናድን

የመንዝ ልጆችና የጓሳ ወዳጆች፣ እጃችሁን እንድትዘረጉልን እንለምናለን። ከመሐል ሜዳ ከተማ ወዲያ ያለው የጓሳ ሜዳ ከዳር ዳሩ እየተገፋ ነው። መጀመሪያ አንድ ትልም ይወጣል፤ ቀጥሎ ጎጆ፣ ከዚያ አጥር።

የማያውቀው ሰው "ባዶ መሬት" ይለዋል። ኧረ ምኑ ባዶ ነው! ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የተንጣለለ የውርጭ ሣር ነው። ጭላዳው የሚግጠው፣ ቀይ ቀበሮው አይጥ የሚያድነው እዚያ ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በጠቅላላው የቀረው 500 ገደማ ነው። ከጓሳ የሚነሡት ምንጮች ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳሉ።

የመንዝ አቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ይህን ሜዳ ለ400 ዓመት ገደማ በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። ሣሩ እስኪያገግም ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። መከፈቱ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገር ነበር። ያኔ ሣሩ ታጭዶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ከዝናብ ለሚከልለው ለጌሳ ይሆን ነበር። የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አናጋው። ሕዝቡ ግን ጓሳን ጨርሶ አልተወውም፤ ጥበቃውን በኅብረት እንደገና አቋቋመ። እኔን ከምንም በላይ የሚያኮራኝ ይኸ ነው።

ሜዳውን የሚያርሰው ወንድማችን ጠላታችን አይደለም። ልጅ ደርሶበት፣ መሬት ጠቦት ነው። ግን እዚያ ከፍታ ላይ ገብሱን ውርጭ ይመታበታል፤ የተገለበጠው ሣርም ቶሎ አይመለስም። ሁለቱንም ማጣት ነው።

ጠባቂዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። በዚያ ብርድና ጉም ሜዳውን በእግራቸው ይዞራሉ። በምናሰባስበው ገንዘብ በመጀመሪያ ቡትስ ጫማ፣ ካፖርት፣ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ እንገዛላቸዋለን። ቀጥሎ ድንበሩን በድንጋይ ምልክት እናስለያለን፤ ድንበር ሳይለይ "አልገፋሁም" የሚለውን ሰው መርታት አይቻልም። ለማገዶ ሲባል ከጓሳ ቁጥቋጦ እንዳይቆረጥም በየደጃፉ የሚተከል ችግኝ እናድላለን።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ አሜሪካም ዓረብ አገርም ያላችሁ፣ የአቅማችሁን ጣል አድርጉ። ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ደረሰኙም ለአዋጪው ሁሉ ይታያል። ገንዘብ ያልሞላለት ደህና ቡትስ ወይም ካፖርት ቢሰጠን በደስታ እንቀበላለን። ብቻ ክረምቱ ሳይጠና ዕቃው ጓሳ መድረስ አለበት።