«ይሄ ፊደል ዳዊቷን ይመስላል»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በአንድ ጽሕፈት ቤት የምሠራ ታይፒስት ነኝ። የዛሬ ወር ገደማ አንድ ሰው የእናቱን ሙት ዓመት መታሰቢያ ሊያስጽፍ መጣ። ለእናንተ ጋዜጣ ነበር። ቢበዛ አርባ ቃል ቢሆን ነው። በአምስት ደቂቃ ጨርሼ አሳየሁት።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል» አለኝ።

ኒያላ የሚባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ነበር። ሌላ ፎንት አደረግኩለት። «ይሄ ደግሞ የሰርግ ካርድ።» ቀጠን ያለ ዘመናዊ ፊደል አመጣሁ። «የባንክ ማስታወቂያ።» ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል፤ እኔም መናደድ ጀምሬያለሁ። በመጨረሻ አቢሲኒካን ከፈትኩለት። የብራና ቁም ጽሕፈትን መሠረት አድርጎ የተሠራ ፎንት ነው። ሰውየው ዝም አለ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ የእናቱን ስም ፊደል በፊደል ተከተለው።

«ይሄ ዳዊቷን ይመስላል» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ስሟን ቀይ ማድረግ አይቻልም?»

በብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው ስም በአብዛኛው የአምላክና የቅዱሳን ነው። እሱን ልነግረው አልፈለግኩም። «ጋዜጣው ጥቁር ብቻ ነው ወንድሜ» ብዬ አለፍኩት።

ሥራውን የጀመርኩት በ1985 ዓ.ም. በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ነው። በታይፕ ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሳሽም ተከሳሽም ያው አንድ ፊደል ነው። ዛሬም ቢሆን ብዙው ሰው አይመርጥም። ኮምፒውተሩ ያወጣለትን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ «ሰው በፎንቱ ይታወቃል» የሚሉኝን ልጆች ብዙም አላምናቸውም። የሚታወቀው «ቀይሪልኝ» ሲል ነው።

የተናደደ ሰው ቦልድ ይወዳል። አቤቱታውን ከላይ እስከ ታች አወፍሪልኝ ይላል። እንቢ እለዋለሁ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ልዩነቱ በአንዲት ቅጥያ ነው። «ቡ» ቅጥያዋ ወገቧ ላይ፣ «ቢ» እግሯ ላይ። በትንሽ ሳይዝ ሲወፍር፣ በዚያ ላይ ፎቶ ኮፒ ሲነሳ፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። «ቤቱን ያስረክቡ» የተባሉት ወይዘሮ «ያስረክቢ» ተብለው ቁጭ ይላሉ።

የዕድራችን ሊቀመንበር ደግሞ እስከዛሬ ከፓወር ግዕዝ፣ ከድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ አልወጡም። ፍላሹን ይዘው ይመጣሉ፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ጉራማይሌ ነው። «ማሽንሽ አማርኛ አይችልም» ይሉኛል። አንድ ቀን ሳላስፈቅዳቸው በሌላ ጻፍኩላቸው። ገና ከበሩ፣ መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ «ይሄ የኛ ዕድር አይደለም» አሉ።

እንደኔ ግን ፎንት ከጠባይ ይልቅ ዕድሜን ያሳብቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የፓኪስታኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የናዋዝ ሻሪፍ ልጅ ለመርማሪዎች ያቀረበችው ሰነድ የተፈረመው በፌብሩዋሪ 2006 ነው ይል ነበር። የተጻፈው ካሊብሪ በሚባል የላቲን ፎንት ነው። ካሊብሪ ደግሞ ለገበያ የቀረበው በጃንዋሪ 2007 ነው። ከዚያ በፊትም የሙከራ ቅጂ ነበር ብለው የተከራከሩላት አልጠፉም። መርማሪዎቹ ግን አልተዋጠላቸውም። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የኛም ኒያላ ካሊብሪን ይዞ ከመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር፣ በዚያው ወር ነው የመጣው። በኛ አቆጣጠር ጥር 1999። አንዴ «1991 ዓ.ም.» የሚል የኪራይ ውል ኮፒ አድርጊልኝ ተብዬ ሳየው፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ ኒያላ። እንደገና ተጽፎ ይሆናል። ኮፒውን አነሳሁ፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ። ታይፒስት ዳኛ አይደለችም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከሳምንት በኋላ ጋዜጣውን አጥፎ ይዞ መጣ። ማስታወቂያው ወጥቷል። ፎቶዋ አለ፣ ቃሉ አልተነካም። ፊደሉ ግን የእናንተ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው የጨረታ ማስታወቂያ የተጻፈበት። ገጹ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያ ባደረግኩ ነበር። ግን ማስታወቂያ ስትቀበሉ «ፊደሉን እኛ እንቀይረዋለን» ብላችሁ ብትነግሩት ምን ነበረበት? ወይም ሌላው ቢቀር ስሟን ብቻ በመረጠው ብትተዉለት?

ተቆጥቶ አይደለም የመጣው። የኔን ወረቀት ፈልጎ ነው፣ ያንን በአቢሲኒካ የጻፍኩለትን። በወፍራም ወረቀት አትሜ ሰጠሁት። ለሰባተኛው ዓመት እመለሳለሁ ብሎኛል። ፋይሉን አልሰረዝኩትም።

ታይፒስቷ
ከልደታ፣ አዲስ አበባ