ሁለቱ እሾሆች፦ የተፈጥሮና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ሥራ

በመጨረሻው የወላጆች ስብሰባ ላይ «ፊደል ሊቆጥሩ የመጡ ልጆች ዱር ለዱር ቢዞሩ ምን ያተርፋሉ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለን። ልጆቻችን እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ከተማ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ከአማርኛ ይልቅ ዙሉኛ የሚቀናቸው ጥቂት አይደሉም። የጎረቤቱን ወግ የማያውቅ ልጅ የአያቶቹን ወግ ብንነግረው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከ14ቱ አባሎቻችን አምስቱ የጎረቤቶቻችን የዙሉ ልጆች የሆኑት ለዚህ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ተሰብስበን ዛፍ መለየት፣ ዱካ ማንበብና የመጀመሪያ እርዳታ ተምረናል። ዝርዝሩ በመዝገባችን አለ።

ዋናው ሥራችን በህሉህሉዌ-ኢምፎሎዚ የዱር እንስሳት ፓርክ ያደረግነው የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1895 የተከለለ፣ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ ነው። ነጭና ጥቁር ኢምፎሎዚ ወንዞች የሚገናኙበት አካባቢ ከዚያ በፊት የዙሉ ንጉሥ የነበረው የሻካ የአደን ምድር እንደነበር ዙሉዎች ይናገራሉ። የደቡቡ ነጭ አውራሪስ በአደን አልቆ ጥቂት የተረፈው እዚህ ነው፤ ዛሬ በሌሎች ፓርኮች የሚታዩት የእነዚያ ዘሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አውራሪሶቹን ወደ ሌሎች ስፍራዎች የማዛወሩን ዘመቻ የመራው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያው የኢያን ፕሌየር ስም በሰፊው ይታወቃል። ፕሌየርን ዱሩን ያስተማረው ማግቁቡ ንቶምቤላ ግን ትምህርት ቤት ያልገባ የዙሉ ሽማግሌ ነበር። ልጆቹ ይህን ሁለተኛውን ስም እንዲይዙ ነው የደከምነው።

ስድስት ተማሪና ሁለት መምህር ሆነን፣ ከፊት ሁለት መሣሪያ የያዙ መንገድ መሪዎችን ተከትለን ገባን። ከ16 ዓመት በታች ያሉትን አልወሰድንም። ቦርሳ ከ12 ኪሎ እንዳይበልጥ በሚዛን አይተናል፤ አንዷ 17 ኪሎ ይዛ መጥታ ጂንስና ሻምፑ አስቀርተንባታል። አዲስ ጫማ ያደረገው ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ተረከዙ ውሃ ቋጠረ፤ ጫማ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መለመድ አለበት። ጉዞው በአንድ ረድፍ፣ ያለ ወሬ ነው። መሪው አመድ በትኖ ነፋሱን ያያል። አውራሪስ ዓይኑ ደካማ ቢሆንም አፍንጫው ብርቱ ነውና፣ ነፋሱ ከእኛ ወደ እሱ ከነፈሰ ዞረን እናልፋለን። ልጆቹ ፋንድያ ማንበብም ችለዋል፦ የነጩ፣ በዙሉኛ የኡምኮምቤ፣ የደቀቀ ሣር ነው፤ የጥቁሩ፣ የኡቤጃኔ፣ በመቀስ በሰያፍ የተቆረጠ የሚመስል ጭራሮ ይታይበታል። ነጯ ግልገሏን ታስቀድማለች፤ ጥቁሯ ታስከትላለች።

ካየናቸው አምስት አውራሪሶች አንዱም ሙሉ ቀንድ አልነበረውም። ከሕገወጥ አዳኞች ለማዳን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በፓርኩ ቀንዳቸው እየተቆረጠ ነው። ቀንድ እንደ ጥፍር ነው፤ ተመልሶ ስለሚያድግ ሥራው አያልቅም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መሪያችን ከአንድ ዛፍ ሥር አስቆመን። ዙሉዎች ኡምላህላንኮሲ ይሉታል፤ የእኛ ቁርቁራ የቅርብ ዘመድ ነው። ጥንድ ጥንድ እሾህ ያወጣል፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ወደ ኋላ የታጠፈ። ቀጥ ያለው ወደምንሄድበት፣ የታጠፈው ወደመጣንበት ያመለክታል ይላሉ። ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ቤተሰቡ የዚህን ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ሟቹ ወዳረፈበት ይሄድና መንፈሱን ወደ ቤት ይመልሳል። ቅርንጫፉን የያዘው ሰው በመንገድ ከማንም ጋር አያወራም፤ በታክሲም ለሟቹ ወንበር ይከፈልለታል።

ይህን የነገረን መሪው አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ ድምፁን ያልሰማነው ከአምስቱ የዙሉ ልጆች አንዱ ነው። አያቱ ጆሃንስበርግ ሲያርፉ ቅርንጫፉን የያዙት አባቱ ነበሩ፤ እሱም በዚያው ታክሲ ውስጥ ነበር። መሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው አዳመጡት። ከእኛ ልጆች አንዷ ቀስ ብላ «የእኔ አያት ጎንደር ነው የተቀበሩት፤ እኛ አልሄድንም» አለች። እስከ ማታ ሌላ የተናገረ የለም፤ እኛም ዝምታውን ማቋረጥ አልደፈርንም።

ያልሆነልንም አለ። ለየካቲት ያቀድነው ጉዞ፣ እዚህ አገር ወሩ የዝናብ ወቅት ነውና፣ ወንዙ ስለሞላ ተሰርዟል፤ የአውቶቡሱ ቀብድም አልተመለሰም። በመጀመሪያው ሌሊት ተራ ዘቡ እንቅልፍ ስለጣለው እሳቱ ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአንዱን ሰው ተራ ከሁለት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት አሳጥረናል። ሁለት የርቀት መነጽር ለስምንት ሰው ተካፍለናል። በዚህ ዓመት ለእግር ኳስ ክበቡ ሙሉ ማሊያ ተገዝቷል፤ ይገባቸዋል። ለእኛ ግን በጀት የሚባል አልተያዘልንም።

የሚቀጥለው ጉዞ እዚህ ደረቁ ወቅት በሆነው በሐምሌ ነው። አራት ባለ 60 ሊትር የጀርባ ቦርሳ፣ ስድስት የመኝታ ከረጢትና የአውቶቡስ ኪራይ ያስፈልገናል። ውድ ወላጆች፣ ቤታችሁ የተቀመጠ ቦርሳ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ለልጆቹ ስጡልን። ዚፑ የተበላሸውንም እንቀበላለን፤ ከአባሎቻችን የአንዷ እናት ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ሊጠግኑልን ቃል ገብተዋል።