ኒኬሉን ብር ብላችሁ አትሽጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሐረር በተነሳ ቁጥር የምትጽፉት ስለ ጅብና ስለ ጀጎል ነው። እስቲ አንዴ ስለ አንጥረኞቹም ጻፉ።

ለእህቴ ሰርግ አልቦ ፍለጋ ከድሬ ወጥቼ ጀጎል ገብቼ ነበር። አንዱ ሱቅ «የድሮ የሐረሪ ብር ነው፣ ከድሮው የብር ገንዘብ ከማርትሬዛ የተሠራ» አለኝ። ገልበጥ አድርጌ ሳየው ቆዳ የሚነካው ጎኑ ተፍቆ ቢጫ ወጥቷል። ብር ሲፋቅ ከሥሩም ያው ብር ነው እንጂ መቼ ቢጫ ይወጣዋል? ስጠይቀው ሳቅ አለና ዋጋ ቀነሰልኝ። ይኸው ነው መልሱ!

ማርትሬዛ እኮ ቀልድ አይደለም። 1780 የሚል ዓመት ያለበት ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ከ23 ግራም በላዩ ንጹህ ብር ነው። አንጥረኛው እሱን አቅልጦ ነበር አምባርና ድሪ የሚሠራው። አሁን በብር ስም የሚሸጥልን ግን ብዙ ጊዜ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው። «የጀርመን ብር» ይሉታል፣ ብር ግን ጠብታም የለበትም።

ኒኬል መሸጥ ነውር አይደለም፤ እኔም ኪሴ ሲሳሳ እገዛዋለሁ። የሚከፋኝ ውሸቱ ነው። ጠገራ ፈልጎ ገዝቶ፣ አቅልጦ፣ ክር የመሰለ ሽቦ ስቦ፣ ፍሬ ፍሬውን አንድ በአንድ የሚበይድ ሰው እንዴት አድርጎ ከዚያ ዋጋ ጋር ይወዳደር?

ቾክታ ለሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችም ብር የመጣላቸው እንደኛው በንግድ፣ ከአውሮፓውያን ነው፤ ጌጡን ግን የራሳቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1830 በተፈረመው ውል አብዛኞቹ ከሚሲሲፒ ወደ ኦክላሆማ ተነድተው እንኳ እንደ ሕዝብ አልጠፉም። ዛሬ እነሱ ያልሠሩትን «የነባር ሕዝቦች ሥራ» ብሎ የሚሸጥ ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ ይጠየቃል፤ ቅጣቱ እስከ 250,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስር ይደርሳል። እኛ ጋ ያን ያህል ይሁን አላልኩም፣ ማንም እንዲታሰር አልፈልግም። የሚመለከተው አካል ሁለት ነገር ብቻ ያስገድድልን፦ ደረሰኙ ላይ ማዕድኑ ምን እንደሆነ ይጻፍ፤ የሠራው አንጥረኛም ምልክቱን ከጌጡ ጀርባ ይምታበት።

እህቴ አልቦዋን ገና አላገኘችም። እውነተኛ ብር የሚሠራ አንጥረኛ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ