ደብዳቤ ለልጄ፦ ቦዩን የሚዘጉበት ሰሞን ሩርኪ ሂጂ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። መስቀልን ያለአንቺ አሳለፍን። ደመራው ሲለኮስ እናትሽ ዝም አለች፣ እኔም ምን እንዳሰበች ገባኝ።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ እዚያ የምትማሪበት ዴልሂ ውስጥ የሚያልፈውን የያሙና ወንዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርበሽ እንዳየሽው ነገርሽኝ። ውሃው ጥቁር፣ ላዩ ነጭ አረፋ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዳሩ ላይ ግን ሰው ጫማውን አውልቆ ይጸልያል አልሽኝ። «አባ፣ እናታችን የሚሉትን ወንዝ እንዴት እንዲህ ያደርጉታል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄሽ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከሃያ ዓመት በፊት እኔም እዚያው ሕንድ አገር ሆኜ ራሴን የጠየቅኩት ነገር ነው። በስልክ ስለማይሆን ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ እንዳይምታታብሽ።

መጀመሪያ ያሙና። ዴልሂ ውስጥ ያየሽው ውሃ አብዛኛው የወንዙ ውሃ አይደለም። ዋዚራባድ ላይ የመጥለፊያ ግድብ አለ፤ ንጹሑ ውሃ እዚያ ለከተማው መጠጥ ይወሰዳል። ከዚያ በታች በደረቁ ወራት የሚወርደው በብዛት ከተማው በየመውረጃው የለቀቀው ፍሳሽ ነው፤ ትልቁ መውረጃ ናጃፍጋር ይባላል። አረፋውም ከሳሙናውና ከፍሳሹ የሚመጣ ነው። ከዋዚራባድ እስከ ኦክላ ያለው 22 ኪሎ ሜትር ከወንዙ ርዝመት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ግን አብዛኛው ብክለት የሚገባው እዚያች ቁራጭ ላይ ነው። ስለዚህ ያየሽው ሰውዬ እናቴ ሲል አልዋሸም። ፍቅሩ የእውነት ነው። ፍሳሽ የሚያጣራው ግን ፍቅር አይደለም፤ ሌሊትም ቀንም የሚሠራ ማጣሪያ ጣቢያ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሠራተኛ፣ የዚያን ሠራተኛ ደመወዝ በጊዜው የሚከፍል መሥሪያ ቤት ነው። እኛም ብንሆን ከዚህ አልወጣንም። ግሽ ዓባይ ጠበል ነው ብለን ጫማችንን አውልቀን እንጠጋለን፣ አቃቂ ላይ ግን ቆሻሻ እንደፋለን።

አሁን ወደ ሩርኪ ልውሰድሽ።

ጥዬሽ የሄድኩት ገና ስትድሂ ነው፣ በ2004 ሐምሌ። ከአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተመርቄ ጥቂት ዓመት መስኖ ላይ ከሠራሁ በኋላ የነጻ ትምህርት ዕድል ሲመጣ እናትሽ «ሂድ፣ ልጅቷን እኔ አሳድጋለሁ» አለችኝ። ያኔ እንደ አሁኑ ቪዲዮ ጥሪ የለም። በሳምንት አንዴ ስልክ ቤት ገብቼ፣ የሚቆጥረውን የገንዘብ ማሽን እያየሁ፣ ትንፋሽሽን ብቻ ሰምቼ እወጣ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ «ጋሼ» ብለሽ ጠራሽኝ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። እስከ ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይንቦጫቦጫል፤ ስለዚህ እነዚያን ሁለት ዓመታት ምን ላይ እንዳጠፋኋቸው ማወቅ ይገባሻል።

ሩርኪ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከዴልሂ ወደ ሰሜን፣ ሂማላያ ከመጀመሩ በፊት። በመሀሏ ከጋንጋ ወንዝ፣ እኛ ጋንጀስ ከምንለው፣ የተጠለፈ ቦይ ያልፋል። ዩኒቨርሲቲው የተወለደው ከዚህ ቦይ ነው፣ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። በ1837 እና 1838 በዚያ አካባቢ ክፉ ረሃብ ገባ፣ ወደ 800,000 ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ያን ጊዜ አገሩን የሚገዛው የእንግሊዞቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነበር። ከረሃቡ በኋላ ፕሮቢ ኮትሊ የሚባል የመድፈኛ መኮንን ጋንጋን ሃሪድዋር የምትባል ከተማ ላይ ጠልፎ ሜዳውን ለማጠጣት ተነሳ። ቁፋሮው በ1842 ተጀምሮ ቦዩ በ1854 ተከፈተ፣ ዋናው መስመር ብቻ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ደረጃ የሚለካ፣ በር የሚቆጣጠር፣ ንድፍ የሚያነብ ሰው ከየት ይምጣ? ለዚያ ብለው በ1847 ሩርኪ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ ከፈቱ። ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ በ2001 ደግሞ አይ አይ ቲ (የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋም) ሩርኪ ተባለ። እኔ የተማርኩበት የውሃ ሀብት ልማት ክፍል በ1955 ለእስያና ለአፍሪካ መሐንዲሶች ተብሎ የተከፈተ ማዕከል ነበር። ልብ ብለሽ እዪው። ረሃቡ ቦዩን ወለደ፣ ቦዩ ትምህርት ቤቱን። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ሐበሻ መጥቶ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሶላኒ የሚባል ወንዝ አለ። ቦዩ ያንን ወንዝ በድልድይ ላይ ሆኖ ይሻገረዋል፤ ውሃ በውሃ ላይ። ጫፍና ጫፉ ላይ ትልልቅ የድንጋይ አንበሶች ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ለገሃር ያለው አንበሳ ትዝ አለኝና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ለዚያ ሥራ አፈር እንድትጎትት በ1851 የእንፋሎት ባቡር ሞተር አምጥተው ነበር፤ ከቦምቤይ ታዋቂው የመንገደኛ ባቡር ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ።

ግን እንድታዪልኝ የምፈልገው አንበሶቹን አይደለም። ዱሴራ የሚሉት በዓል ከእኛ መስቀል ብዙም አይርቅም። ያን ሰሞን በየዓመቱ ሃሪድዋር ላይ በሩን ይዘጉና ቦዩ ይደርቃል፣ ዲዋሊ እስከሚሉት የመብራት በዓል። ሁለት ሦስት ሳምንት። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት የተበላሸ ነገር ያለ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ትናንት ጢም ብሎ ይፈስ የነበረው ውሃ የለም፣ ጭቃ ብቻ። ከዚያ ሠራተኛው ይገባል፤ ደለል ይጠረጋል፣ የተሰነጠቀው ይደፈናል፣ በሮቹ ይፈተሻሉ። ሕጻናትና ድሆች ደግሞ ጎንበስ ብለው ዓመቱን ሙሉ ምእመናን ውሃው ውስጥ የጣሉትን ሳንቲም ይለቅማሉ። አንዱን የመስኖ መሥሪያ ቤት ሽማግሌ ሠራተኛ ጠጋ ብዬ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኩት። አባቱም እዚሁ እንደሠራ ነገረኝ። በቃ፣ ሌላ አልተናገረም፣ ወደ አካፋው ተመለሰ።

ያን ቀን ሆስቴል ተመልሼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከመሄዴ በፊት አገር ቤት እጄን ያስገባሁበት አንድ የመስኖ ሥራ ነበር። ሪባን ተቆርጦለት፣ ሰንጋ ታርዶለት፣ ገበሬው እልል ብሎለት ነበር። በሦስት ዓመቱ ደለል ሞልቶት ከብት ይሻገርበት ጀመር። ማን ይጥረገው? ወረዳው ዞኑን ይላል፣ ዞኑ ክልሉን ይላል። እኛ መሐንዲሶቹም ንድፉን ስንሠራ የመጥረጊያውን በጀትና የመጥረጊያውን ሰው አልጻፍንም ነበር። እኔም አልጻፍኩም። ይህን ለሰው አውርቼ አላውቅም።

ሁሉ ነገር እዚያ አምሮ ይሠራል እንዳትዪ። ሃሪድዋር ላይ መንግሥት ውሃውን ሁሉ ወደ ቦይ ሊወስድ ነው ተብሎ ሰው ሲቆጣ፣ ማዳን ሞሃን ማላቪያ የሚባሉ የነጻነት ትግሉ መሪ ሽምግልና ገብተው በ1916 የወንዙ ፍሰት እንዳይቋረጥ መንግሥትን አስማሙ። በዚያው ዓመት የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። እኔ እዚያ እያለሁ ደግሞ በ2005 መጨረሻ ላይ የጋንጋን ገባር ባጊራቲን ገድበው የቴህሪን ግድብ መሙላት ጀመሩ። ግድቡ ከፍታው 260 ሜትር ነው፣ ከእኛ ህዳሴ በብዙ ይበልጣል። አሮጌው ቴህሪ ከተማ ከነገበያው ውሃ ገባበት። ሰዎች ቤታቸው ሲሰጥም ቆመው ያያሉ።

ፕሮፌሰር ጂ ዲ አግራዋልንም ልንገርሽ። ሲቪል ምህንድስና የተማሩት ሩርኪ ነው። ካንፑር አይ አይ ቲ አስተምረዋል፤ የማዕከላዊው የብክለት ቁጥጥር ቦርድ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊም ነበሩ። የመንግሥትን ወንበር ያውቁታል ማለት ነው። እኚህ ሰው የላይኛው ጋንጋ ሳይገደብ ይፍሰስ ብለው ደጋግመው ጾሙ። በ2010 ሎሃሪናግ ፓላ የተባለው 600 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ተጀምሮ እንዲቀር ካደረጉት አንዱ የእሳቸው ጾም ነበር። በ2018 ለመጨረሻ ጊዜ ጾሙ፤ በ111ኛው ቀን፣ በ86 ዓመታቸው ሪሺኬሽ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ዜናውን ያነበብኩት ቢሮዬ ነበር። በሩን ዘጋሁት። እኔ የመሐንዲስነት ሥራ ስሌት ነው ብዬ ስኖር፣ ያው ግቢ ያፈራው ሰው ለወንዝ ሞተ።

ፍርድ ቤትም ሞክሯል። በ2017 ሩርኪ ያለችበት የኡታራካንድ ክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋንጋና ያሙና እንደ ሰው ሕጋዊ መብት አላቸው ብሎ ፈረደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አገደው፤ ጎርፍ ቢያጠፋ ማን ሊከሰስ ነው የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። አንቺ የሕዝብ አስተዳደር ስለምትማሪ ይህን መዝገብ ፈልገሽ አንብቢው። ከእኔ ይልቅ አንቺ ትረጂዋለሽ፣ ሲገባሽም አስረጂኝ።

ብቻ ጥያቄሽን ይዘሽ ሂጂ። ዴልሂ ቁጭ ብለሽ ያሙናን ብቻ አይተሽ አገሩን አትፍረጂ። ወደ ዴህራዱን የሚሄደው ሻታብዲ ባቡር ሩርኪ ይቆማል፣ አራት ሰዓት ያህል ነው። ከጓደኞችሽ ጋር ሁኚ፣ ብቻሽን አይሆንም። ቦዩ ደርቆ ሳለ አንዴ እዪው። ከዲዋሊ በኋላ ደግሞ ተመልሰሽ ውሃው ሲመጣ እዪው። የሚጠርጉትን ሰዎች አናግሪ፣ ሂንዲሽ ከእኔ ይሻላል። ስንት እንደሚከፈላቸው፣ አካፋውን ማን እንደሚገዛ፣ ቀኑን ማን እንደሚወስን ጠይቂልኝ። እኔ ያኔ አፍሬ ያልጠየቅኩት እሱን ነው።

ጠዋት ጠዋት ስለሚበርድ ሹራብ ያዢ። በርበሬና ሽሮ ከሚመጣው ልጅ ጋር ልከናል፣ እናትሽ ኮሰረትም ጨምራበታለች። ሩርኪ ስትደርሺ ደውዪልኝ፣ ኔትወርኩ እምቢ ካለ ጻፊልኝ።

አባትሽ