በየትኛው መለኪያ ተለካ?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፀሐይ ጨረርም ሆነ ስለ ጀርም ገዳይ አምፖል ሲዘገብ የአልትራቫዮሌት መጠን ብዙ ጊዜ በደረቁ ይጠቀሳል። መለኪያው ለየትኛው የሞገድ ርዝመት (በናኖሜትር የሚገለጽ) እንደተሠራ ካልተጻፈ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

ብዙ ርካሽ መለኪያዎች ልካቸው የተስተካከለው በ365 ናኖሜትር አምፖል ነው። ወደ ፀሐይ ወይም ወደ 254 ናኖሜትር ጀርም ገዳይ አምፖል ቢደገኑም አንዳች ቁጥር ማሳየታቸው አይቀርም፤ ማሳሳቱም እዚህ ላይ ነው። የሴንሰሩ ምላሽ በየሞገዱ ስለሚለያይ ንባቡ ከእውነተኛው በብዙ እጥፍ ሊርቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሾልኮ የሚገባው የሚታይ ብርሃን ነው። ጠራራ ፀሐይ በካሬ ሜትር ወደ 1000 ዋት ስታወርድ ዩቪ-ቢ (ቆዳን ይበልጥ የሚያቃጥለው፣ አጠር ያለ ሞገድ ያለው አልትራቫዮሌት) ከዚያ ውስጥ ጥቂት ዋት ብቻ ነው። የሴንሰሩ ማጣሪያ ከቀሪው 1 በመቶ ቢያሳልፍ እንኳ በአብዛኛው የምናነበው ዩቪ-ቢን ሳይሆን ሾልኮ የገባውን ብርሃን ነው። ይህን ለመፈተን በዩቪ-ቢ ሴንሰሩ ላይ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመስኮት መስታወት ማኖር ይበቃል። ንባቡ ወደ ዜሮ ካልተጠጋ መሣሪያው አይታመንም። ለዩቪ-ኤ (ረዘም ያለ ሞገድ ላለው አልትራቫዮሌት) መለኪያ ይህ ፈተና አይሠራም፤ መስታወቱ አብዛኛውን ያሳልፈዋልና።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ኢንዴክስ (ጨረሩ ቆዳን የማቃጠል አደጋውን የሚያሳይ ቁጥር) የሚለካው ሴንሰሩ አግድም ተቀምጦ እንጂ ወደ ፀሐይ ተደግኖ አይደለም። ፀሐይ ከአናት 60 ዲግሪ ስታዘነብል ቀጥታ ጨረሯ በአግድም ወለል ላይ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጥሩ ነጭ በታኝ ሽፋን የሌለው ሴንሰር ከዚያም አሳንሶ ያነባል። ኢንዴክስ ራሱ ቆዳን በማቅላት አቅሙ የተመዘነው ጨረር፣ በዋት በካሬ ሜትር፣ በ40 ሲባዛ ነው፤ 0.25 ዋት ኢንዴክስ 10 ይሆናል። የዩቪ-ኤ ንባብን በ40 ማባዛት ኢንዴክስ አይሰጥም።

አምፖል ከመለካቱ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ይብራ፤ የሴንሰሩ ክዳን ተገጥሞም ዜሮው ይታይ። ነፋስ የሚመታው የሜርኩሪ አምፖል ጉልበቱ ስለሚለዋወጥ ማራገቢያ ይጥፋ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል የሚለው ስሌት የሚያገለግለው ከአምፖሉ ርዝመት አምስት እጥፍ ገደማ ሲራቅ ነው፤ ለ90 ሴንቲሜትር ቱቦ 4.5 ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ ቀርቦ ማስላት ዋጋ የለውም፣ በቦታው መለካት ነው። የሚለካው ሰውም ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ) የፊት መከላከያ፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ያድርግ።

ስታትሙ አሃዱንም አትዝለሉት፤ 1 ሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር 10 ዋት በካሬ ሜትር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጨረር ልኬት ባለሙያዎች