የቅዳሜው የአየር ፍልሚያ

ሰላም ጓዶች፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ እኔ ቤት ተሰብስበን በሲሙሌተር (በኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ) እንፋለማለን።

መጀመሪያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ የእንግሊዙ ስፒትፋየር ከጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109። የመጀመሪያዎቹ ስፒትፋየሮች ሞተር ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅል ክፍል) ስላለው፣ አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ከደፋችሁት ነዳጅ ይቋረጥበታል። ጀርመኑ ግን ምንም አይሆንም። ስለዚህ ልትከተሉት ስትሉ መጀመሪያ ተገልበጡ፣ ከዚያ ሳቡ። ባለፈው ስንቶቻችን በዚህ ተበላን!

ቀጥሎ በ1969 ኦጋዴን ሰማይ ላይ የተፋጠጡት፣ የኛ ኤፍ-5 እና የሶማሊያ ሚግ-21። ሚጉን የሚይዝ ፈቃደኛ ጠፍቷል። በዕጣ ይሁን?

ጆይስቲክ ያላችሁ አምጡ። ጨዋታውን ቤት ጭናችሁ ኑ፣ እዚህ ማውረድ ከጀመርን ይመሽብናል። ጋቢም አትርሱ፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። መብራት ከጠፋ እሁድ በዚያው ሰዓት።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ከምትመርጡት አውሮፕላን ጋር ጻፉልኝ።