«ተቋረጠ» አትበሉን፤ ማን እንዳቋረጠው ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በውጭ ዜና ዓምዳችሁ ስለ አንድ አገር ምርጫ ያወጣችሁትን ዘገባ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የተወዳዳሪዎቹን ታሪክ፣ የምርጫ ቦርዱን መግለጫና የታዛቢዎቹን ስጋት በጥሩ ሁኔታ አቅርባችኋል። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን «በድምፅ መስጫው ዋዜማ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማንበብ ከበደኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች አንዲት ቃል ነው።

«ተቋረጠ» ስንል ነገሩ በራሱ ጊዜ የሆነ ይመስላል። ሰዋስው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «አገልግሎት» ነው ይለናል። የድርጊቱ ባለቤት ግን የለም። ትዕዛዙን የሰጠው ሰው፣ ደብዳቤውን የጻፈው መሥሪያ ቤትና ማብሪያ ማጥፊያውን የተጫነው ድርጅት በአንድ ተደራጊ ግስ ጀርባ ተሰውረዋል።

ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት በኔትወርክ ሥራ ነው። በእኛ ሙያ የተበጠሰና የተቆረጠ ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ከኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ወለል ብሎ ይታያል። በጃንዋሪ 2022 (ቀኖቹን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ቶንጋ አጠገብ ከባሕር በታች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አገሪቱን ከዓለም ጋር የሚያገናኘውን ገመድ በጠሰው። ጥገናው አምስት ሳምንት ገደማ ወሰደ። በማርች 2024 ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ በርካታ የባሕር ውስጥ ገመዶች በአንድ ቀን ተጎድተው ከአይቮሪ ኮስት እስከ ናይጄሪያ ብዙ አገሮች ተቸገሩ። ለእነዚህ «ተቋረጠ» ብትሉ ልክ ናችሁ። ገመድ ሲበጠስ መረጃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አንዱ ጋ ሲሠራ ሌላው ጋ እምቢ ይላል፣ መሐንዲሶች ሌሊቱን ሲሯሯጡ ያድራሉ፣ የጥገና መርከብ ይላካል።

በትዕዛዝ ሲዘጋ ግን መልኩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ኔትወርክ አድራሻዎቹን ለተቀረው ዓለም ሳያቋርጥ ያሳውቃል፤ «በዚህ በኩል ብትመጡ ታገኙኛላችሁ» እንደማለት ነው። ኔትወርኩ ይህን ማሳወቁን ሲተው፣ ገመዱ ሳይነካ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ አገሩ ከካርታው ላይ ይሰረዛል። በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ ግብፅ ውስጥ የሆነው ይኸው ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ትልልቆቹ አገልግሎት ሰጪዎች በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ተራ በተራ ጠፉ፤ 3,500 ያህል የአድራሻ መንገዶች ተነሡ። የአደጋ ብልሽት ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው እንዲህ በተራ አይሄድም። የአክሲዮን ገበያው የሚጠቀምበት አንድ አነስተኛ ድርጅት ብቻ ለጥቂት ቀናት ክፍት ሆኖ ቆየ። ማን መኖር እንዳለበት የመረጠ ሰው እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ዛሬ ደግሞ ዘዴው ረቋል። አንዳንዱ መንግሥት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሕንድ በምታስተዳድረው ካሽሚር እንደተደረገው ፍጥነቱን ወደ አዝጋሚው ሁለተኛ ትውልድ (2G) ኔትወርክ ያወርደዋል። እዚያ በኦገስት 2019 የተዘጋው ኢንተርኔት በጃንዋሪ 2020 በከፊል ቢከፈትም፣ ፈጣኑ የሞባይል አገልግሎት የተመለሰው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። መካከል ላይ የኮቪድ ወረርሽኝ ገባ፤ ሐኪሞች አንድ የሕክምና መመሪያ ለማውረድ ረጅም ሰዓት ሲጠብቁ ከረሙ። በሚያንማር መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት ወታደሮች ደግሞ በ2021 መጀመሪያ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይዘጉ ነበር፤ ወታደር ቤት ለቤት እየዞረ ሰው በሚያፍስበት ሰዓት ማለት ነው። ሌላው አንዱን ክልል ብቻ ነጥሎ ይዘጋል፤ ካሜሩን በ2017 እንግሊዝኛ ተናጋሪ ክልሎቿን ለ93 ቀናት ዘግታለች። ኢራቅ፣ ሶርያና አልጄሪያ ለፈተና ስርቆት ብለው ሲዘጉ ታይተዋል። አክሰስ ናው የተባለው የዲጂታል መብቶች ተሟጋች ድርጅትና አጋሮቹ በ2024 ብቻ በ54 አገሮች 296 መዝጋቶችን መዝግበዋል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ይህን ሳልናገር እናንተን ብወቅስ አግባብ አይሆንም።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት (አገሩንም ስሙንም አልጠቅስም) አንድ ቀን ማለዳ የቃል ትዕዛዝ መጣ። ወረቀት የለም፣ ቁጥር የለም፣ ፊርማ የለም። አለቃችን «ዝጉ» አለን፤ ዘጋን። ከዚያ ለሚደውለው ደንበኛ ሁሉ «የቴክኒክ ብልሽት ነው፤ ባለሙያዎቻችን እየሠሩበት ነው» እንድንል ታዘዝን። ያን ሳምንት የደዋዩ ብዛት ከአቅም በላይ ስለነበረ እኔም ስልክ እንዳነሣ ተመደብኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ደወሉ። ልጃቸው ውጭ አገር ነው፤ ሁልጊዜ ማታ ማታ በኢንተርኔት ይደውልላቸዋል። ስልኬ ተበላሸ ብለው ወስደው አሳይተው ነበር፤ ጠጋኙም ገንዘብ ተቀብሎ ከፍቶ ዘግቶ መልሶላቸዋል። «እኔ ሳላውቅ የማይነካ ነክቼ ይሆን ልጄ?» አሉኝ። እኔም «አይ እናቴ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም፤ ብልሽት ነው፤ እየሠራንበት ነው» አልኳቸው። መረቁኝ። «እጃችሁን ይባርከው» ብለው ስልኩን ዘጉ። እጄ ምን ሠርቶ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለዚህ ነው ጋዜጣ ላይ «ተቋረጠ» የሚል ቃል ሳይ የሚያመኝ። ቃሉ እኔ በስልክ ከተናገርኩት ውሸት ጋር አንድ ነው።

ውሸቱን የሚናገረው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ተራ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። በጁላይ 2024 የባንግላዴሽ ተማሪዎች የመንግሥት ሥራ ኮታን ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ኢንተርኔቱ በመላው አገሪቱ ጠፋ። የዘርፉ ሚኒስትር የመረጃ ማዕከል ተቃጥሎ ነው አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኦገስት 5 ቀን አገር ጥለው ከሄዱ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን አገልግሎቱ በትዕዛዝ እንደተዘጋ አረጋገጠ። በዚያ ተቃውሞ እስከ 1,400 ሰው ሳይገደል እንዳልቀረ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ገምቷል። በሴፕቴምበር 2025 ማብቂያም አፍጋኒስታን ለሁለት ቀን ያህል ከዓለም ተነጥላ ባንኩም የአውሮፕላን በረራውም ቆመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በአንዳንድ አውራጃዎች የታሊባን ባለሥልጣናት የፋይበር ኢንተርኔትን «ብልግናን ለመከላከል» እንደዘጉ በአፋቸው ተናግረው ነበር። አገር አቀፉ ሲመጣ ግን ያረጀ ገመድ እየተቀየረ ነው ተባለ። በትግራይ ጦርነትም ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ሲጠፉ፣ ተፋላሚዎቹ ማን እንደቆረጠው እርስ በርስ ሲካሰሱ፣ በውጭ ያለው ሰው ወላጆቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ ከረመ።

ስለ ዝግ ኢንተርኔት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ንቄ የማልፈው አይደለም። በማኅበራዊ ሚዲያ የተሠራጨ የጥላቻ ወሬ ሰው አስገድሏል፤ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይመልከት ወይ? የሚለው ነው። ሐሰተኛ ወሬ ሰው እንደሚገድል አውቃለሁ። ነገር ግን ወሬውን ኢንተርኔት አልፈጠረውም፤ ኢንተርኔት ሲዘጋም አብሮ አይሞትም። በእግሩ ይሄዳል። የሚቀረው ማስተባበያው ነው። «እኔ ደህና ነኝ፤ ተገደለች የተባልኩት እኔ ነኝ» የምትለው ሴት ድምፅ ይቀራል። አምቡላንስ የሚጠራው ይቀራል። የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ የሚጠይቀው ይቀራል። በሕንድ በተደረጉ መዝጋቶች ላይ በ2019 የወጣ አንድ ጥናትም ኢንተርኔት ሲዘጋ አመፅ ያለበት ተቃውሞ ከመብረድ ይልቅ እየበረታ እንደሚሄድ አሳይቷል።

ማኒፑርን ተመልከቱ። በዚያች የሕንድ ግዛት በሜይ 2023 መጀመሪያ ላይ ግጭት ሲነሣ መንግሥት ወሬ እንዳይዛመት ብሎ ኢንተርኔቱን ዘጋ። ግጭቱ በተነሣ ማግሥት ወንዶች ተሰብስበው ሴቶችን እርቃናቸውን በአደባባይ ነዱ። በስልክ የቀረጸው ሰው ነበር። ቪዲዮው ግን ለዓለም የታየው ጁላይ 19 ቀን ነው። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ! ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ጉዳዩ የተናገሩት፣ ዋነኛ ተጠርጣሪ የተባለውም የተያዘው በማግሥቱ ነው። በእነዚያ ሁለት ወር ተኩል ውስጥ ግድያው አልቆመም፤ የጠፋው ምስክሩ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ ለእነዚያ ሴቶች ግን ንጋቱን ሰባ ምናምን ቀን ያዘገየው በቢሮ የተፈረመ ትዕዛዝ ነበር።

ታዲያ «ማን አቋረጠው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። በጣም ይጠቅማል። በጃንዋሪ 2019 ዚምባቡዌ ውስጥ በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ተቃውሞ ሲነሣ ኢንተርኔት ተዘጋ። ትልቁ የቴሌኮም ድርጅት ግን እንደ እኛ «ብልሽት ነው» አላለም፤ ትዕዛዙ ከየትኛው ሚኒስትር እንደመጣ ለደንበኞቹ ገለጸ። ስም በመገኘቱ ክስ ተመሠረተ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በቀናት ውስጥ ሚኒስትሩ ይህን የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም ብሎ ወሰነ፤ አገልግሎቱም ተመለሰ። በ2020 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካሽሚር ጉዳይ የመዝጊያ ትዕዛዝ ለሕዝብ ይፋ መሆን እንዳለበት፣ ማብቂያ የሌለው መዝጋትም እንደማይፈቀድ በይኗል። በሚያንማር ቴሌኖር የተባለው የኖርዌይ የቴሌኮም ድርጅት የወታደሮቹን ትዕዛዝ እየተቀበለ ሳለ በድረ ገጹ ይፋ ያደርግ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህን ማድረግ እንደማይችል አስታወቀ። ወታደሮቹ የትዕዛዙን መታወቅ ምን ያህል እንደፈሩት ከዚህ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ግን የሱዳኑ ጠበቃ ይደንቀኛል። በጁን 3 ቀን 2019 ካርቱም ውስጥ መቀመጫቸውን አደባባይ ያደረጉ ሰልፈኞች በጥይት ሲበተኑ ወታደራዊው ምክር ቤት ኢንተርኔቱን አዘጋ። ሌላው ሰው መቼ ይለቀቃል ብሎ ሲጠባበቅ ይህ ጠበቃ የራሱን ውል ይዞ የቴሌኮም ድርጅቱን ከሰሰ፤ ከፍዬ የገዛሁትን አገልግሎት ማን ከለከለኝ ነው ነገሩ። ረታ። ድርጅቱም ከሳሹ አንድ ሰው ነው ብሎ የእሱን መስመር ብቻ ከፈተለት። መላው አገር በጨለማ ሳለ የአንድ ሰው ስልክ ሠራ! ጠበቃው በዚህ አልረካም፤ ለሌሎችም ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ተመለሰ። በጁላይ 9 ኢንተርኔቱ ለሕዝቡ ሲለቀቅ የዚያ የጁን ቀን ቪዲዮዎች ከየስልኩ ጎረፉ። የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ስለዚያች አንዲት መስመር ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አንዱን ደንበኛ ለይቶ መክፈት የቻለ ድርጅት ሁሉንም መክፈት ይችል እንደነበር ከዚያ በኋላ ማንም ሊክድ አልቻለም።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኢንተርኔት የተዘጋበት አገር ዜና ስትሠሩ ከባሕር የተበጠሰ ገመድ ካልሆነ በቀር «ተቋረጠ» አትበሉ። ትዕዛዙን የሰጠው ከታወቀ «እገሌ የተባለው መሥሪያ ቤት አዘጋ» በሉ። ካልታወቀም «ማን እንዳዘዘ ባለሥልጣናቱ አልተናገሩም» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህም ራሱ ዜና ነው። ብልሽት ነው ሲሏችሁ ማረጋገጫ ጠይቁ። የዓለምን ኔትወርክ ሌት ተቀን የሚለኩ ተቋማት መረጃቸውን በነጻ ያወጣሉ፤ የአንድ አገር መስመር በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደወደቀ ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል። የተዘጋበትን ቀን አንድ ጊዜ ዘግባችሁ አትተዉት፤ እስኪከፈት ድረስ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ቁጠሩልን።

ያ የባለፈው ሳምንት ዘገባም በድረ ገጻችሁ ላይ እስካሁን አለ። አራተኛው አንቀጽ፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። እንድታርሙት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ